ፊደል እጅ ለእጅ ሲያያዝ

 

የዛሬው ማስታወሻችን ትንሽ ስለሚመስል ጉዳይ ነው፤ ለሕፃን ልጅ ፊደል እያያያዙ መጻፍን ስለ ማስተማር። «ይህማ የመድረሳ ኡስታዞች ሥራ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ግን ወደዳችሁም ጠላችሁም አስተማሪ ናችሁ። የጎረቤት ልጅ ደብተሩን ይዞ «ይቺን አሳየኝ» ሲላችሁም እንደዚያው ነው። ነገ ደግሞ ኢንሻአላህ የራሳችሁን ልጆች ታስተምራላችሁ። ስለዚህ እኔ የተሳሳትኩትን ሰምታችሁ እናንተ እንዳትሳሳቱ ልንገራችሁ።

ትክል ድንጋይ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆችን አስቀራ ነበር። ከመካከላቸው አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። አሊፍ፣ ባ፣ ታን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ይወርደዋል። እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ጻፍ ስትሉትም አሳምሮ ይጽፋል። ቃል ጻፍ ሲባል ግን ነገሩ ይበላሻል። የቢስሚላህን የመጀመሪያ ቃል «ብስም» እንዲጽፍ ስሰጠው ባን እዚህ፣ ሲንን እዚያ፣ ሚምን ደግሞ ሎሁ ዳር ላይ ያስቀምጣቸዋል። እንደ ተዘራ ባቄላ በመካከላቸው እኩል ክፍተት አለ። አሳየሁት። በማግስቱም እንደዚያው ጻፈ። ደግሜ አሳየሁት፤ አሁንም እንደዚያው። እንዲህ ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ቀን ትዕግስቴ አለቀ። ሎሁን ከእጁ ወሰድኩና ወደ ልጆቹ አዙሬ «ይህን የሚያነብልኝ አለ?» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። እሱ አላለቀሰም። ሎሁን መልሶ ተቀብሎ ዝም ብሎ አጠበው። በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀንም ቀረ።

ቤቱ ስሄድ አያቱ ተቀበሉኝ። «እጄን አሞኛል ይላል፤ ምን እንደሆነ እንጃ» አሉኝ። ልጁ ከጓዳ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ለምንድን ነው ፊደሎቹን የማታያይዛቸው?» ብዬ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቅኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ተመልሶ ገባና የትምህርት ቤቱን ደብተር ይዞ መጣ። ገልጦ አሳየኝ። የአማርኛ ጽሕፈት ነው። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው፣ ተራርቀው፣ መስመር ይዘው ተቀምጠዋል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ተጽፏል።

«ኡስታዝ፣ ቲቸር እኮ ፊደል አይነካካ ብላናለች። ከተነካካ ኤክስ ታደርግብናለች» አለኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚያች በር ላይ አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እልኸኛ ነው ስለው የነበረው ልጅ ታዛዥ ነበር። የሌላዋን አስተማሪውን ትእዛዝ እኔ ዘንድ ድረስ ይዞ መጥቶ ይፈጽም ነበር። እኔ ደግሞ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ሳልጠይቀው በጓደኞቹ ፊት አዋረድኩት።

ነገሩን እስኪ በልጁ ዓይን እንየው። ትምህርት ቤት የሚማረው የግዕዝ ፊደል 33 መሠረታዊ ፊደላት አሉት፤ በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይቆማል። ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በአንዱና በሌላው ፊደል መካከል እጅ ይነሣል። ከሰዓት በኋላ መድረሳ ሲመጣ ሁሉም ይገለበጣል። የዐረብኛው ፊደል 28 ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ፊደላቱ ይያያዛሉ፤ አንዱ ፊደልም በቃሉ መጀመሪያ፣ መካከል፣ መጨረሻ ወይም ለብቻው ሲሆን መልኩን ይለውጣል፤ እስከ አራት መልክ የሚኖረው አለ። በእንግሊዝኛ እየቀጠሉ መጻፍ ምርጫ ነው፤ ነጣጥሎ የጻፈ ልጅም አልተሳሳተም። በዐረብኛ ግን ነጣጥሎ መጻፍ የሚባል ነገር የለም፤ ካልተያያዘ ቃል አይሆንም። ስለዚህ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ጠዋት የሚመሰገንበት ነገር ከሰዓት በኋላ ያስወቅሰዋል ማለት ነው። ይህን ማንም ካላስረዳው እንዴት ሊያውቀው ይችላል?

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ሱረቱ ዐበሰ ትዝ አለችኝ፤ የቁርኣን 80ኛዋ ሱራ። መክፈቻዋ ለመማር ስለ መጣው ዓይነ ስውር ሰሓባ፣ ስለ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) የወረደ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሰዓት የቁረይሽ መሪዎችን ወደ እስልምና ለመጥራት ተጠምደው ነበር። ዓላማቸው ታላቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሊማር በመጣው ሰው ፊት ፊትን ማጥቆር በአላህ ዘንድ እንዳልታለፈ ሱራዋ ታስተምራለች። ያውም ዓይነ ስውሩ የፊታቸውን መጥቆር አላየም! የእኔው ተማሪ ግን ፊቴንም አይቷል፤ የጓደኞቹንም ሳቅ ሰምቷል። እዚያችው ሱራ ውስጥ ጥቂት አንቀጾች ዝቅ ስትሉ ደግሞ አላህ ስለ ተከበሩ ገጾች፣ ገጾቹንም ስለያዙት የተከበሩ ጸሐፊዎች እጆች ይነግረናል። እኔ ይህችን ሱራ በቃሌ አውቃታለሁ። ግን ስንት ጊዜ ቀርቼያት ወደ ራሴ ሳላዞራት ኖሬያለሁ!

አሁን ደግሞ ወደ መዲና ልውሰዳችሁ። ልጆችን መጻፍ ስለ ማስተማር ከተነገሩት ሁሉ ልቤን የሚነካው ታሪክ እዚያ ነው።

የበድር ዘመቻ በሂጅራ 2ኛው ዓመት (624 እ.ኤ.አ.) ተካሄደ። ሙስሊሞች ብዙ የቁረይሽ እስረኞችን ማረኩ። ገንዘብ ያለው ቤዛውን ከፍሎ ወጣ። ገንዘብ የሌላቸው ግን ማንበብና መጻፍ የሚችሉ እስረኞች ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእነዚህ ያልተለመደ ቤዛ ወሰኑላቸው፤ የአንሷር ልጆችን መጻፍ እንዲያስተምሩ። አስቡት፤ ትናንት ሰይፍ መዞ የመጣባቸውን ሰው ዛሬ ከልጆቻቸው ፊት አስቀምጠው «አስተምር» አሉት። እሳቸው ራሳቸው የማያነቡና የማይጽፉ ነቢይ ናቸው፤ ለልጆች መጻፍ መማር ግን የሰጡት ዋጋ የአንድ ሰው ነፃነት ነበር።

ከእነዚያ ተማሪዎች የሁለቱ ወሬ ደርሶናል።

አንደኛው ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ዕድሜው 11 ዓመት ገደማ ነበር። ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት ከበድር እስረኞች መጻፍ ከተማሩት አንዱ እሱ ነው። ያ ልጅ አደገና የወሕይ ጸሐፊ ሆነ። በአቡ በክር (ረ.ዐ) ዘመን ቁርኣንን በአንድ ላይ የመሰብሰብ አማና የተጣለው በእሱ ላይ ነው። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመንም ሙስሐፉን ከገለበጡት አራት ሰዎች አንዱ ነበር።

ሁለተኛው ልጅ ስሙ አልተነገረንም። በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት አንድ ቀን አንድ ልጅ እያለቀሰ ወደ አባቱ መጣ። አባቱ ምን እንደሆነ ጠየቀው። አስተማሪዬ መታኝ አለ። አባቱ ተቆጣ፤ ሰውዬው የበድርን ቂም በልጄ ላይ ሊወጣ ነው አለ፤ ሁለተኛ ወደዚያ ሰው እንደማይልከውም በአላህ ማለ።

ሁለት ልጆች ናቸው። ከተማቸው አንድ ነው፤ ትምህርታቸውም አንድ ነው። አንዱ የተማረው መጻፍ ቁርኣንን ለመሰብሰብ በቃ። ሌላው ከአስተማሪው እጅ ይዞት የሄደው እንባ ነው። በኋላ ሌላ አስተማሪ አግኝቶ ይሆናል፤ አላህ ያውቃል። ወሬው የሚነግረን ግን ያ በር በአንድ ምት መዘጋቱን ነው። ታዲያ ልጅ ፊታችን ሲቀመጥ የትኛው ልጅ እንደሆነ በምን እናውቃለን? የዛሬው ዘይድ ይሁን አይሁን አይታወቅም። የምናውቀው አንድ ነገር ቢኖር እጃችን ወይ ሲያስተምረው ወይ ሲያባርረው እንደሚችል ነው።

እንግዲህ ታናናሾቻችሁን ስታስተምሩ የሚረዷችሁን ነገሮች ልዘርዝር። አብዛኛውን ያስተማሩኝ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

1. ልጁ ምን ይዞ እንደመጣ ጠይቁ። ትምህርት ቤት ምን እንደተባለ ሳታውቁ አትቆጡት። የትምህርት ቤት አስተማሪውንም አታጣጥሉበት። «የቲቸርህ ሕግ ለአማርኛ ትክክል ነው። ይሄ ደግሞ ሌላ ቤት ነው፤ እዚህ ፊደሎቹ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ» በሉት። ሁለቱ ጽሕፈቶች ጠላት እንዳይመስሉትም የወሎ ዑለማዎችን አውሩለት። እንደ ሸኽ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉት መሻይኾች የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ይህም ዐጀሚ ይባላል። አማርኛ በሁለቱም እጅ ተጽፏል። ልጁም ስሙን በሁለቱም ይጻፍ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይታያችኋል።

2. ከእርሳስ በፊት ጣት ይቅደም። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ የጣቶቹ ጡንቻ ገና አልጠነከረም። ትሪ ላይ አሸዋ ወይም ዱቄት በትኑለትና በጣቱ ይጻፍ። ጭቃ ያድቦልቡል፤ ባቄላ ይፈልፍል። ይህም የጽሕፈት ትምህርት ነው። ሲጽፍም በቀን 10 ደቂቃ ይበቃዋል። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ከማድከም በየቀኑ ጥቂት ይሻላል። ትንሽም ብትሆን የማትቋረጥ ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኗን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል።

3. ፊደላቱን በቤተሰብ አስተምሩ። ባ፣ ታ፣ ሳ፣ ኑን እና ያ በቃል መጀመሪያና መካከል ሲመጡ አምስቱም አንዲት ትንሽ ጥርስ ናቸው። የሚለያቸው ነጥብ ብቻ ነው። ባ ከታች አንድ፣ ታ ከላይ ሁለት፣ ሳ ከላይ ሦስት፣ ኑን ከላይ አንድ፣ ያ ከታች ሁለት። ልጁ አንዲቱን ጥርስ ከቻለ አምስት ፊደል ቻለ ማለት ነው። ቀጥሎ ጂም፣ ሐ እና ኸን በአንድ ላይ አምጡለት። 28ቱን ፊደል በአራት መልክ በአንድ ቀን የምታሸክሙት ከሆነ ግን ሸክሙን ጥሎ ይሸሻል።

4. ስድስቱን አስተዋውቁት። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ እና ዋው ከኋላቸው ያለውን ፊደል እጅ ይይዛሉ፤ ወደ ፊት ግን እጃቸውን አይዘረጉም። ይህን በቃላት አሳዩት፤ ያውም ቤቱ በሚያውቃቸው ቃላት። «ቀለም» በዐረብኛ ብዕር ማለት ነው፤ እኛ ቀለም የምንለው ዘመዱ ነው። ሲጻፍ ሦስቱም ፊደላት ይያያዛሉ። የወረቀታችን ዘመድ «ወረቅ» ሲጻፍ ግን ሦስቱም ለየብቻ ይቆማሉ፤ ምክንያቱም ዋውና ራ ወደ ፊት እጅ አይሰጡም። «ኪታብ» ላይ ሦስቱ ተያይዘው ባ ብቻዋን ትቀራለች። በእነዚህ ሦስት ቃላት ሕጉ ይገባዋል፤ ቃላቱም የተማሪ ዕቃዎች ናቸው።

5. አካሉ ይቅደም፤ ነጥቡ ይከተል። ልጆች በየፊደሉ እየቆሙ ነጥብ ሲያስቀምጡ እጃቸው ይነሣል፤ ማያያዙም ይጠፋል። የተያያዘውን ክፍል እጅህን ሳታነሣ ጨርስ፣ ከዚያ ተመልሰህ ነጥቦቹን አኑር በሉት። ሐረካው መጨረሻ ላይ ይምጣ። በነገራችን ላይ የመጀመሪያዎቹ ሙስሐፎች ዛሬ የምናያቸው ሐረካዎች አልነበሩባቸውም። ኋላ የገቡት እስልምና ሲስፋፋና ንባቡ ላይ የሚሳሳት ሰው ሲበዛ ነው። አያችሁ፣ ኡመታችን የተሳሳተውን አላባረረም፤ ምልክት አበጀለት።

6. በሚታጠብ ነገር ላይ ጀምሩ። አባቶቻችን ሎህ ላይ ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ሲጽፉ ብልሃት ነበረው። ሎህ ስሕተትን አያከማችም፤ በውኃ ይታጠብና ነገ አዲስ ነው። ደብተር ላይ ግን ስሕተቱ ከነቀይ ምልክቱ ይቆያል። ሎህ ከሌለ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይበቃል። እናንተ በቀጭኑ ጻፉለት፤ እሱ በዱካችሁ ላይ ይሂድ። ካቃተው ከኋላው ተቀምጣችሁ እጃችሁን በእጁ ላይ አድርጉ፤ የመያያዙን መንገድ እጁ ይማረዋል።

7. እርማት በጆሮ፣ ምስጋና በሰው ፊት። እኔ ይህን ገልብጬ ነበር የሠራሁት። ከአሥር ቃል ዘጠኙ ቢበላሽ እንኳ አሥረኛውን ፈልጋችሁ «ይህቺን ሚም ተመልከታት፤ አሳምረሃታል» በሉት። ውሸት አትናገሩ፤ ፈልጉ፤ ታገኛላችሁ።

ልጁን ምን እንዳደረስኩት ሳልነግራችሁ አልዘጋም። ያሳፈርኩት በልጆቹ ፊት ስለነበር በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቤ በእነሱው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። «እሱ አስተማሪውን ታዞ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ልጆቹ ዝም አሉ። እሱ ግን ወዲያው አላመነኝም። ሎሁን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ «ዛሬም ለልጆቹ ያሳዩብኛል?» አለኝ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ካልፈቀድክልኝ አላሳይም» አልኩት። ከኋላው ተቀምጬ እጁን ይዤ «ቀለም» የሚለውን ጻፍን። ቀጥሎ ብቻውን ሞከረ። ቃፍና ላም ተያያዙ፤ ሚም ትንሽ ርቃ ቆመች። ምንም አላልኩም። ራሱ አየና ከላም ወደ ሚም አንዲት መስመር ስቦ አገናኛቸው። ሲያገናኛት መስመሯ ተንጋደደች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ የሚያምር ኸጥ አይቻለሁ፤ እንደዚያች የተንጋደደች መስመር ያስደሰተኝ የለም።

ከእናንተ መካከል ይህን ሲያነብ «እኔም እኮ እንደዚያ ተስቆብኝ መድረሳ ያቆምኩ ነኝ» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ለእሱ የማስታውሰው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ ነው፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣንን አጥርቶ የሚያነብ ሰው ከተከበሩት ጸሐፊ መላእክት ጋር መሆኑን ነግረውናል። እየተንተባተበና እየከበደው የሚያነበው ደግሞ ሁለት ምንዳ አለው። በሰው ዘንድ የሚያስቀው መንተባተብ በአላህ ዘንድ በእጥፍ ይከፈላል። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዕድሜዬ ሄዷል አትበሉ። ከታናሽ ወንድማችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ አብራችሁ ከአሊፍ ጀምሩ። እሱ ይማራል፤ እናንተም የቀረባችሁን ታነሳላችሁ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ካህፍን ለመቅራት ሙስሐፍ ስትከፍቱ ከማንበባችሁ በፊት አንድ መስመር ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ፊደላቱ እንዴት እንደተያያዙ እዩ። ይህ ጽሑፍ እኛ ዘንድ የደረሰው በልጅነቱ አንድ ሰው አስቀምጦ መጻፍ ባስተማረው በዘይድ ኢብኑ ሳቢት በኩል ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ትንሹን ልጅ ጥሩትና 10 ደቂቃ ስጡት። አንዲት ቃል ትበቃለች። ከዚህ በፊት ያሳፈራችሁት ልጅ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቁት፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት።

አላህ ሆይ፣ የማይጠቅምን ዕውቀት አርቅልን። ልጆቻችንን ለቁርኣን፣ እጃችንንም ለልጆቻችን የተመቸ አድርግልን። በእኛ ቁጣ ከደጅህ የራቀ ልጅ ካለ አንተ መልሰው፤ እኛንም ይቅር በለን። ኣሚን።

ዛሬ በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። አላሁመ ሰሊ ወሰሊም ዐላ ነቢይና ሙሐመድ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።